ያልገቡት ጆርናሎች

ከመገናኛ ወደ ምሥራቅ ሲኬድ ኮተቤ ትምህርት ዩኒቨርሲቲ ይገኛል፤ መምህራን የሚሠለጥኑበት ግቢ ነው። ከየካ ሽቅብ ወደ ሰሜን ሲወጣ ደግሞ የእንጦጦ ተራሮች ናቸው። እዚያ ላይ፣ 3200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ እያንዳንዳቸው አንድ ሜትር ስፋት ያለው መስተዋት የያዙ ሁለት ቴሌስኮፖች የተተከሉበት የእንጦጦ ኦብዘርቫቶሪ አለ። ታች ስለ ልጆች ንባብ ይጠናል፣ ላይ ስለ ከዋክብት። ሙያቸው የማይገናኝ የእነዚህ ሰዎች የጋራ ችግር ጆርናል ነው። የውጭ ጆርናሎች የደንበኝነት ክፍያ በውጭ ምንዛሪ የሚፈጸም ስለሆነ ለሀገራችን ቤተ መጻሕፍት ቀልሎ አያውቅም። ለዚህ ነው በነጻ የሚነበቡት፣ ኦፕን አክሰስ የምንላቸው ጆርናሎች፣ ለኛ ዋና ስንቅ የሆኑት።

የማደንቀው ሥራ ግን ከዚህ በኋላ የሚመጣው ነው። ከነጻዎቹ መካከል የትኞቹ የቤተ መጻሕፍቱ ካታሎግ ውስጥ ይግቡ? ይህን የሚወስነው የላይብረሪያን ሥራ ስሙ እንኳ ብዙም አይነሳም። «ነጻ ከሆነ ምን መምረጥ ያስፈልጋል፣ ሁሉንም ማስገባት ነው» የሚል መምህር አይጠፋም። የገንዘብ ወጪ ስለሌለው ጥፋትም የሌለው ይመስላል። እንደኔ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ በገንዘብ የሚገዛ ጆርናል ቢያንስ በጀት የሚያስፈቅድ ሰው አንዴ ቆም ብሎ ያየዋል። ነጻውን የሚያቆመው ያ አንድ ላይብረሪያን ብቻ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2013 ጆን ቦሃነን የተባለ ጋዜጠኛ ለሳይንስ መጽሔት የሠራውን ፍተሻ የሙያው ሰዎች አይረሱትም። ከአለት ሽበት (ሊከን) የተገኘ ንጥረ ነገር የካንሰር ሕዋስን ያቆማል የሚል፣ ማንም የመስኩ ሰው ስህተቱን ሊያየው የሚችል የውሸት ጥናት ጻፈ። ጥቂት ጥቂት እየለዋወጠም ለ304 ኦፕን አክሰስ ጆርናሎች ላከው። 157ቱ ተቀበሉት፣ 98ቱ መለሱት፤ የቀሩት ወይ የተተዉ ድረ ገጾች ነበሩ ወይ ገና መልስ አልሰጡም ነበር። ለኛ ቀረብ የሚለው ነገር የደራሲው አድራሻ ነው፤ ቦሃነን ለፈጠረው ተመራማሪ የሰጠው መሥሪያ ቤት «አስመራ የሚገኝ ዋሲ የሕክምና ኢንስቲትዩት» የሚባል በዓለም ላይ የሌለ ተቋም ነበር። ከአፍሪካ ቀንድ የመጣ ስም ማን ያጣራዋል ብሎ ይሁን ለሌላ፣ ብቻ አብዛኞቹ ሳያጣሩ ተቀበሉ። ከሁለት ዓመት በኋላ የፖላንድ ተመራማሪዎች አና ሹስት የምትባል፣ የአርታኢነት ልምድም ብቃትም የሌላት ምናባዊ ምሁር ፈጥረው ለ360 ጆርናሎች «አርታኢ ልሁናችሁ» ብለው አመለከቱላት። 48ቱ ሾሟት። ከእነዚህ 40ዎቹ በጥርጣሬ ዝርዝር ላይ የነበሩ ናቸው፤ 8ቱ ግን የታመነ የኦፕን አክሰስ ማውጫ ውስጥ ተመዝግበው የነበሩ ናቸው።

እንግዲህ መራጩ ይህን ሁሉ ያውቃል። ከፊቱ አንድ አዲስ ጆርናል ሲከፈት መጀመሪያ ጽሑፎቹን አያነብም። ሽፋኑንም አያይም፤ ሽፋን ማሳመር ቀላል ነው። በቀጥታ ወደ ግርጌው ይወርዳል፦ አሳታሚው ማነው፣ አድራሻው የት ነው፣ የአርታኢ ቦርዱ እነማን ናቸው፣ ጽሑፍ የሚገመገመው እንዴት ነው፣ ደራሲው ይከፍላል ወይ፣ ከከፈለስ ስንት። ክፍያው ገጹ ላይ ሳይጻፍ «ጽሑፍዎ ተቀባይነት ሲያገኝ ይነገርዎታል» የሚል ከሆነ ምርመራው እዚያው ያልቃል። «በ72 ሰዓት ውስጥ እናትማለን» የሚል ካለም እንደዚሁ። ማን ነው በሦስት ቀን ሁለት ገምጋሚ አግኝቶ፣ አስነብቦ፣ አሳርሞ የሚያትመው? የቦርዱን አባላት ደግሞ አንድ በአንድ በየዩኒቨርሲቲያቸው ገጽ ላይ ይፈልጋቸዋል፤ ስማቸው ያለ ፈቃዳቸው የተለጠፈባቸው ፕሮፌሰሮች ጥቂት አይደሉምና።

ከዚያ መለያ ቁጥሩ ይመጣል፤ አይ.ኤስ.ኤስ.ኤን የምንለው ስምንት አሃዝ። ይቺን ሥራ በቅርብ ማየት ደስ ይላል። የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም የሚያሳትመውን የኢትዮጵያ ጥናት ጆርናል ብንወስድ ቁጥሩ 0304-2243 ነው። የመጀመሪያዎቹ ሰባት አሃዞች በቅደም ተከተል በ8፣ በ7፣ በ6፣ በ5፣ በ4፣ በ3 እና በ2 ይባዛሉ። 0፣ 21፣ 0፣ 20፣ 8፣ 6፣ 8 ይመጣል፤ ሲደመር 63። 63 ለ11 ሲካፈል 8 ይተርፋል፤ 8 ከ11 ሲቀነስ 3። የቁጥሩ የመጨረሻ አሃዝ ደግሞ 3 ነው። ገጠመ። ኮምፒውተር ይህን በቅጽበት ይሠራዋል፤ የለመደ ካታሎገር ግን ወረቀት ጠርዝ ላይ በእርሳስ ሲሠራው፣ ከአንዳንድ ድረ ገጽ ላይ በዘፈቀደ የተደረደሩ ስምንት አሃዞች ሒሳቡ ላይ ሲወድቁ ያያል።

ሒሳቡ የገጠመ ሁሉ ግን ንጹሕ አይደለም። ቁጥሩ መታወቂያ ነው እንጂ የምስጋና ደብዳቤ አይደለም፤ ቁጥሩን የሚያስተዳድረው፣ ፓሪስ ያለው የአይ.ኤስ.ኤስ.ኤን ማዕከል ጆርናሉ ምን ያህል ጥሩ ነው ብሎ አይመረምርም። ከዚያም የባሰ አለ፤ የእውነተኛ ጆርናልን ስምና ቁጥር እንዳለ ገልብጠው የራሳቸውን ድረ ገጽ የሚከፍቱ አሉ። እንዲህ ያሉት በፍለጋ ውጤት ላይ ከባለቤቱ ቀድመው የሚወጡበት ጊዜ አለ። ጠንቃቃው መራጭ ቁጥሩን ወደ አይ.ኤስ.ኤስ.ኤን ፖርታል ወስዶ እዚያ የተመዘገበውን አድራሻ ከፊቱ ካለው ጋር ያስተያያል፤ የተጠለፉ ጆርናሎች ዝርዝር ውስጥም ይፈልገዋል። ስሙ አንድ፣ ቁጥሩ አንድ፣ አድራሻው ሁለት ከሆነ፣ ካታሎጉ ላይ የሚለጠፈው ሊንክ የትኛው እንደሆነ መወሰን የእሱ ኃላፊነት ነው። እዚህ ላይ አንድ ፊደል ብትሳሳት ዩኒቨርሲቲው በገዛ ካታሎጉ ተማሪውን ወደ አጭበርባሪ ቤት ይመራዋል።

ፈቃዱን የሚያነብበት መንገድም የሚደነቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ቡዳፔስት ላይ የወጣው መግለጫ ኦፕን አክሰስን ሲበይን ማንበብ ብቻ አላለም፤ መቅዳትን፣ ማሰራጨትን፣ ማተምንም ጨምሯል። ብዙ ጆርናሎች ግን «በነጻ ያንብቡ» ብለው ከታች «መብቱ በሕግ የተጠበቀ ነው» ይላሉ። አንዳንዶቹ ደግሞ ክሬቲቭ ኮመንስ የሚባለውን ፈቃድ ይዘው ይመጣሉ፤ እሱም በአንድ ዓይነት አይመጣም። «ስም ጠቅሰህ እንደፈለግህ ተጠቀም» የሚል አለ፤ «ሳትቀይር» የሚል ቃል የተጨመረበትም አለ። ይቺ «ሳትቀይር» ለእንግሊዝ አንባቢ ብዙ አታሳስብም። ኮተቤ ላይ መምህራንን ለሚያሠለጥን ሰው ግን ከባድ ናት፤ ትርጉም እንደ ለውጥ ስለሚቆጠር ጽሑፉን ወደ አማርኛ ወይም ወደ አፋን ኦሮሞ መልሶ በሞጁል ውስጥ ማሰራጨት አይፈቀድም። ስለዚህ ሁለት እኩል ጥሩ የትምህርት ጆርናሎች ቢቀርቡና አንዱ መተርጎም ቢፈቅድ፣ ሌላው ባይፈቅድ፣ የኮተቤ ካታሎግ ውስጥ እኩል አይደሉም። ይህን ልዩነት ካታሎጉ ላይ የአጠቃቀም ፈቃድ በሚጻፍበት መስመር፣ ማርክ በሚባለው ቅርጽ 540 በሚባለው ላይ፣ ቁጭ የሚያደርግ ሰው ለመምህሩ ብዙ ጣጣ አስቀርቶለታል። አብዛኛው ካታሎግ ይህን መስመር ባዶ ነው የሚተወው።

«ይህ ሁሉ ድካም ለምን? የተዘጋጀ ማውጫ አለ አይደል?» ይባል ይሆናል። አለ። በስዊድን የሉንድ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2003 በ300 ጆርናሎች የተጀመረው የኦፕን አክሰስ ጆርናሎች ማውጫ ዛሬ ከ20 ሺህ በላይ ይዟል። ከቦሃነን ፍተሻ በኋላ መስፈርቱን አጥብቆ የተመዘገቡት ሁሉ እንደገና እንዲያመለክቱ አደረገ፤ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2016 እንደገና ያላመለከቱ 3300 ያህል ጆርናሎችን በአንድ ጊዜ አስወጣ። እንዲህ ያለ ቆራጥነት ከየትኛውም መሥሪያ ቤት የሚጠበቅ አይደለም። መስፈርቱም የዋዛ አይደለም፤ ቢያንስ አምስት አርታኢዎች፣ በዓመት ቢያንስ አምስት የምርምር ጽሑፎች፣ አርታኢዎቹና ገምጋሚዎቹ ራሳቸው የጻፉት ከሩብ እንዳይበልጥ፣ እና ሌላም ሌላም። ሥራውን ግማሽ ያቀለዋል።

ግማሽ ብቻ። ያንን ማውጫ በጅምላ ወደ ካታሎጉ የሚገለብጥ ላይብረሪያን ምርጫውን ለሌላ ሰው አስረክቧል ማለት ነው። በዚያ ወንፊት የሚያልፉ ግን ለኛ አንባቢ የማይጠቅሙ በሺሕ የሚቆጠሩ አሉ፤ የማያልፉ ግን ያለ እነሱ የኢትዮጵያ ጥናት የሚባል ነገር የማይነበብባቸውም አሉ። ይህን ሁለተኛውን የሚያየው የዚህ ሀገር ሰው ብቻ ነው።

የሀገር ውስጥ ጆርናል በአብዛኛው ደራሲውን አያስከፍልም፤ በዩኒቨርሲቲ ወይም በሙያ ማኅበር በጀትና በአርታኢዎቹ ትርፍ ሰዓት የሚኖር ነው። ድረ ገጹ አንዳንዴ ይዘገያል፤ የመጨረሻው እትም ዓመት ያረጃል፤ የቦርዱ ዝርዝር ላይ የተቋም ስም ይጎድላል። በቅርጹ ብቻ ቢመዘን ይወድቃል፤ ውስጡ ሲነበብ ሌላ ነው። ጥሩ መራጭ እዚህ ላይ ሚዛኑን ይለውጣል እንጂ አይጥለውም። የጆርናሉ ሥራ ተቋርጧል ወይስ ዘግይቷል? ግምገማ የለም ወይስ ግምገማው አልተጻፈም? ትምህርት ሚኒስቴር የሀገር ውስጥ ጆርናሎችን መዝኖ ዕውቅና የሚሰጥበት አሠራር ስላለ እሱንም ያያል፤ ከዚያ ስልክ ያነሳል። አርታኢው ስልክ ይመልሳል። አጭበርባሪ ጆርናል ስልክ አይመልስም።

ጥሩ እጅ ያለበትን ጆርናል የሚያውቅበት ሌላ ምልክትም አለ፤ እኔ በጣም የምወደው ይሄን ነው። የኢትዮጵያዊ ስም እንዴት ተጻፈ? ሀምቡርግ የሚታተመው ኤቲዮፒካ፣ እ.ኤ.አ. በ1998 የተጀመረና በነጻ የሚነበብ፣ በዋቢ ዝርዝሩ ጌታቸው ኃይሌን «ጌታቸው ኃይሌ» ብሎ ያሰፍራል። ግዴለሽ ጆርናል ግን የአባትን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎ «ኃይሌ፣ ጌ.» ይለዋል፤ ያኔ እኚህ ትልቅ የግእዝ ሊቅ አባታቸው ኃይሌ ከተባሉ ሁሉ ጋር ተደባልቀው ይቀራሉ። ዘመን አቆጣጠርም እንደዚያው ነው። ኤቲዮፒካ የኛን ዓመት ሲጠቅስ የፈረንጁን ሁለት ዓመት አብሮ ይሰጣል፤ መስከረም ላይ የሚጀምር ዓመት በፈረንጅ ሁለት ዓመት ላይ ስለሚያርፍ። ይህ ሲዘነጋ «ሰኔ 2011» ተብሎ የወጣ የሀገር ውስጥ እትም በካታሎግ ሶፍትዌሩ እ.ኤ.አ. ሰኔ 2011 ተብሎ ይገባል። ስምንት ዓመት አረጀ ማለት ነው። ተማሪዋ በቅርብ ዓመት የወጡትን ብቻ ስጠኝ ብላ ስትፈልግ ከዓይኗ ይሰወራል። ጎበዝ ካታሎገር የእትሙን ዘመን በሁለቱም አቆጣጠር ይጽፋል፤ ይቺ አንድ መስመር ለብዙ የአማርኛ ጽሑፍ ሕይወት ናት።

የኢትዮጵያ ጥናት ጆርናልን ደግሞ እንመልከተው። የጀመረው በጥር 1955 ዓ.ም ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ካዘጋጁት አንዱ ሪቻርድ ፓንክረስት ሲሆኑ ሌላው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ላይብረሪያን የነበሩት ፖላንዳዊው ስታኒስላቭ ሆይናትስኪ ናቸው። ላይብረሪያን ያዘጋጀው ጆርናል መሆኑ ሁሌም ደስ ይለኛል። የዚህ ጆርናል የቆዩ እትሞች ስድስት ኪሎ ቢጻፉም በኢንተርኔት የሚገኙት ጄስቶር በሚባለው ማኅደር ላይ ነው፤ ጄስቶር ደግሞ ሙሉ በሙሉ ክፍት ቤት አይደለም። ስለዚህ ኦፕን አክሰስ ተብሎ አይመዘገብም፤ ያለ እሱም ስለ ኢትዮጵያ የሚጻፍ ጥናት አይሟላም። መፍትሔው ካታሎጉ ላይ የወረቀቱን እትም የመደርደሪያ ቁጥርና የኤሌክትሮኒኩን መግቢያ ጎን ለጎን ማስፈርና እንዴት እንደሚገባ በአንድ ዓረፍተ ነገር ማስረዳት ነው። ተመሳሳይ ጥንቃቄ የአፍሪካ ጆርናሎች ኦንላይንን ለሚጠቀምም ይሠራል፤ እ.ኤ.አ. በ1998 የተጀመረው ይህ ድረ ገጽ የበርካታ ኢትዮጵያውያን ጆርናሎች ቤት ቢሆንም ሁሉም ነጻ አይደሉም። ክፍቱና በክፍያ የሚገኘው ለየብቻ ምልክት አለው፤ ምልክቱን ሳያይ በጅምላ የሚያስገባ ሰው ተማሪውን በተዘጋ በር ላይ ያቆመዋል።

የስም ለውጥም አለ። ጂማ የሚታተመው የኢትዮጵያ ጤና ሳይንስ ጆርናል፣ በነጻ የሚነበበውና ፐብሜድ ሴንትራል ላይ ያለው፣ ሲጀመር የጂማ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ቡለቲን ይባል ነበር። በማርክ የቀድሞ ስም የሚገባበት 780 የሚባል መስመር አለ፤ የተከታዩ ስም 785። እነዚህ ሁለቱ ሲሞሉ የድሮውን ዋቢ ይዞ የመጣ ተማሪ ወደ አዲሱ ይሻገራል። ኮተቤ ራሱ ኮሌጅ፣ ከዚያ ሜትሮፖሊታን ዩኒቨርሲቲ፣ ከዚያ ትምህርት ዩኒቨርሲቲ ስለሆነ የተቋም ስም መለወጥ ምን እንደሚያመሰቃቅል ለኮተቤ ሰው አይነገርም።

እንጦጦ ተራራ ላይ ያሉት የከዋክብት ተመራማሪዎችስ? የሥነ ፈለክ ጆርናሎች በጥቂት ዓመታት ውስጥ መልካቸው ተቀይሯል። የአሜሪካ ሥነ ፈለክ ማኅበር ጆርናሎች እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮ ሙሉ በሙሉ ክፍት ሆኑ፤ የእንግሊዙ ሮያል ሥነ ፈለክ ማኅበር ወርሃዊ ጆርናልም በጥር 2024 ተከተላቸው። የአውሮፓው አስትሮኖሚ ኤንድ አስትሮፊዚክስ ግን ሌላ ዘዴ ይዟል፤ በየዓመቱ ደንበኞቹ በቂ ክፍያ ከፈጸሙ የዚያ ዓመት እትም ለሁሉም ይከፈታል። ለካታሎገር ይህ ማለት በየዓመቱ ጥር ላይ ተመልሶ መምጣት ነው። ከእነዚህ ጆርናሎች አንዳንዶቹ ለማንበብ ነጻ ሲሆኑ ለማሳተም ደግሞ አስከፋይ መሆናቸውን የሚገልጽ ማስታወሻ ማከልም የመራጩ ሥራ ነው፤ እንጦጦ ላይ የዶክትሬት ጥናት የሚሠራ ልጅ ሒሳቡን አስቀድሞ እንዲያውቀው።

ስለ መጥፋትም ትንሽ ልበል። እ.ኤ.አ. በ2000 እና በ2019 መካከል 174 ኦፕን አክሰስ ጆርናሎች ከኢንተርኔት ጠፍተው መቅረታቸውን ያሳየ ጥናት አለ። አስተማማኝ ቅጂ ያልተቀመጠለት ጆርናል አንድ ሰርቨር ሲቃጠል አብሮ ይሄዳል። ኦፕን ጆርናል ሲስተምስ በሚባለው ነጻ ሶፍትዌር የሚሠሩ ጆርናሎች ያለ ክፍያ ሊመዘገቡበት የሚችሉት የጥበቃ መረብ ስላለ፣ መራጩ ጆርናሉን ከማስገባቱ በፊት ለአርታኢው «ተመዝገቡ» ብሎ መወትወት ይችላል። ከካታሎገር የሚጠበቅ አይመስልም፤ የሚያደርጉት ግን አሉ፣ እነሱ ናቸው ሥራውን የሚያውቁት።

ከሁሉ የሚከብደው ደግሞ ሰው ፊት እምቢ ማለት ነው። የዩኒቨርሲቲ መምህር የደረጃ ዕድገት የሚያገኘው ባሳተመው ነውና የታተመበት ጆርናል ካታሎጉ ላይ ቢታይለት ደስ ይለዋል። «ጋሼ፣ ይቺን ጆርናል ብታስገቧት ምናለ፣ ነጻ ናት እኮ» ይላል ወጣቱ መምህር። «አየኋት ልጄ። ቦርዷ ላይ ካሉት ለሦስቱ ጻፍኩላቸው፤ ሁለቱ አናውቃትም አሉኝ» ይላሉ ጋሼ። ክርክሩ ብዙ ጊዜ እዚያ ያበቃል፤ ካላበቃም መልሱ ተጽፎ ይቀመጣል።

አዎ፣ ይጻፋል። በጥሩ ቤተ መጻሕፍት ያልገቡት ጆርናሎችም የራሳቸው ፋይል አላቸው፦ ስም፣ ቁጥር፣ የታየበት ቀን፣ ያልገባበት ምክንያት፣ እንደገና የሚታይበት ጊዜ። «አይ.ኤስ.ኤስ.ኤኑ ፖርታሉ ላይ የለም፤ ለአርታኢው ተጽፏል፤ ሚያዝያ ላይ ይታይ።» «ቦርዱ የሐሰት ነው፤ አይታይም።» የመጀመሪያው ዓይነት ጆርናል ቁጥሩን አስመዝግቦ ሲመለስ ከፋይሉ ወጥቶ ካታሎጉ ውስጥ ይገባል፣ የገባበት ቀንም በሁለቱም ዘመን አቆጣጠር ይጻፋል።